አይመጡም የተባሉት መጡ

የዜግነት ፈተና ያለፈ ሐበሻ ሁሉ አንዲት ጥያቄ ያውቃል። አሜሪካ በአሥራ ስምንት መቶዎቹ ዓመታት ከተዋጋቻቸው ጦርነቶች አንዱን ጥቀስ ትላለች። አብዛኞቻችን «ሲቪል ዋር» ብለን እንገላገላለን። ከትክክለኛ መልሶቹ አንዱ የ1812 ጦርነት ነው። እሱን የመለሰ የኛ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። እኔም ሲቪል ዋር ብዬ ነው ያለፍኩት። የሌላው ጦርነት ስሙን ብቻ ነበር የማውቀው፤ እሱንም ከጥያቄ ወረቀቱ ላይ።

ወደ ነገሩ ያስገባኝ መንገድ ነው። ዲሲ ውስጥ ታክሲ ወይም ኡበር የነዳ ሰው ብላደንስበርግ ሮድን በደንብ ያውቀዋል። ጋራዥ፣ ጎማ ቤት፣ ነዳጅ ማደያ፣ የትራፊክ መብራት፣ ደግሞ ሌላ ጋራዥ። ከኤች ስትሪት ጫፍ ተነስቶ ወደ ሜሪላንድ የሚያወጣ፣ ማንም ለሽርሽር የማይመርጠው መንገድ ነው። ኦገስት 24 ቀን 1814 ማታ የእንግሊዝ ጦር ዋሽንግተን የገባው በዚህ በኩል ነው። (ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ካፒቶልን አቃጠለ። ዋይት ሀውስን አቃጠለ። በማግስቱ የቀሩትን የመንግሥት ሕንፃዎች አቃጥሎ፣ ሲመሽ ወጥቶ ሄደ።

ይህን ሳወራ ሰዎች መጀመሪያ የሚሉኝ አንድ ነው። «የትኛው ዋይት ሀውስ? ይሄኛው?» አዎ፣ ይሄኛው። ዛሬ ቱሪስት አጥሩ ላይ ተደግፎ ፎቶ የሚነሳበት። እሳቱ ያጠቆራቸው ድንጋዮች አንዳንዶቹ ቀለም ሳይቀቡ እንዲታዩ ተደርገው ዛሬም አሉ።

ከሁሉ በላይ አእምሮዬ ውስጥ የቀረው ግን እሳቱ አይደለም። ከተማዋን እንዲጠብቁ የተሾሙትና ከተማዋ ውስጥ የነበረውን ያተረፉት ሰዎች ፈጽሞ የማይገናኙ መሆናቸው ነው።

ጦርነቱን ያወጀችው አሜሪካ ናት፣ ጁን 1812 ላይ። እንግሊዝ ከናፖሊዮን ጋር የሞት ሽረት ትግል ላይ ስለነበረች መርከበኛ አጥሯት ነበር። የአሜሪካን መርከቦች ባሕር ላይ እያስቆመች «ይሄ የኛ ሰው ነው» እያለች መርከበኛ ትወስዳለች። አፈሳ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ንግዳቸውንም አንቃ ያዘችው። በሌላ በኩል ካናዳን በቀላሉ እንይዛታለን ብለው የቋመጡ የኮንግረስ አባላት ነበሩ። ሞከሩ፣ አልሆነም። በሙከራው መሃል ኤፕሪል 1813 ላይ ዮርክን፣ የዛሬዋን ቶሮንቶን፣ ያዙ። የአካባቢው ምክር ቤት የሚሰበሰብበት ሕንፃ ተቃጠለ። የሰው ቤት ተዘረፈ። የምክር ቤቱ የሥልጣን ምልክት የሆነውን በትርም ይዘው ሄዱ። እሱን ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ለካናዳውያኑ የመለሰው በ1934 ነው፤ ከ121 ዓመት በኋላ። (በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱት መጻሕፍት 150 ዓመት አልፏቸው ዛሬም ለንደን ናቸው። ይህን ሳስብ መጽናናት ይሁን መናደድ ያለብኝ ግራ ይገባኛል።)

በ1814 ጸደይ ናፖሊዮን ወደቀ። እንግሊዝ እጇ ተፈታ። አውሮፓ ውስጥ ዓመታት የተዋጋ፣ ባሩድ ያጠገበው ወታደር በመርከብ ተጭኖ ወደ አሜሪካ መጣ።

አገሪቱ ያኔ 38 ዓመቷ ነው። ዋና ከተማዋ ደግሞ ዋሽንግተን ከሆነ ገና 14 ዓመቱ። እኛ አገር ዘመነ መሳፍንት ነው፤ ቴዎድሮስ ገና አልተወለደም። ዋሽንግተን የምትባለውም ከተማ ከተማ ለመባል ብዙ ይቀራታል። ዕጣው ወጥቶ ነዋሪው ገና ያልገባበት የኮንዶሚኒየም ሳይት በሏት። ሰፋፊ መንገዶች በካርታ ላይ አሉ፤ መሬቱ ላይ ግን ጭቃና ቁጥቋጦ ነው። ካፒቶል ዛሬ የምናውቀው ጉልላት የለውም። ሁለት ክንፍ ብቻ ነው፣ መሃሉን በእንጨት መተላለፊያ አገናኝተውታል። ነዋሪው ከ8,000 ብዙም አይበልጥም። ከስድስቱ አንዱ ባሪያ ነው። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ ተሾሙት ሰዎች እንምጣ። የጦር ሚኒስትሩ ጆን አርምስትሮንግ ይባላል። ይህ ሰው እንግሊዞች ዋሽንግተን አይመጡም ብሎ ደመደመ። አመክንዮው ሲሰሙት ያሳምናል። ዋሽንግተን ምን አላት? ወደብ የላት፣ ሀብት የላት። እንግሊዝ የምትፈልገው ባልቲሞርን ነው። ባልቲሞር ትልቅ ወደብ ነው፣ የእንግሊዝን የንግድ መርከቦች የሚዘርፉት የአሜሪካ መርከቦች የሚወጡት ከዚያ ነው። ስለዚህ ዋሽንግተን ዙሪያ ምሽግ መሥራት ገንዘብ ማባከን ነው። እንዲህ አለ፣ በዚሁ ጸና። ጠላት 25 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ደርሶ እንኳን ወይ ፍንክች።

ነገሩ የማመዛዘን ስህተት ብቻ አይመስለኝም። ለእንግሊዞቹ ዋሽንግተን ትርጉም ያላት ዋና ከተማ ስለሆነች ብቻ ነበር። አድሚራል ጆርጅ ኮክበርን አለቆቹን የወተወተው በዚህ ነው። ፕሬዚዳንቱ የሚተኛበትን ቤት ማቃጠል ከሃምሳ መጋዘን በላይ ያዋርዳል። አርምስትሮንግ ከተማዋን እንደ ሸቀጥ መዘናት። ጠላት ደግሞ እንደ ክብር። የገዛ አገርህ ዋና ከተማ ምን እንደሆነች ከአንተ ይልቅ ጠላትህ ከገባው ችግር ነው።

ከተማዋን እንዲከላከል የተሾመው ጄኔራል ዊልያም ዊንደር ደግሞ የባልቲሞር ጠበቃ ነው። ዓመት ቀደም ብሎ ካናዳ ድንበር ላይ በጨለማ ውጊያ ተማርኮ ነበር፤ የተለቀቀው ብዙም ሳይቆይ ነው። ታዲያ ለምን እሱ? አጎቱ የሜሪላንድ አስተዳዳሪ ነዋ! አስተዳዳሪው የተቃዋሚው ፓርቲ ሰው ስለሆነ፣ የወንድሙን ልጅ ብንሾምለት ሚሊሺያ ይሰጠናል ተብሎ ነው። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። አገሩ ይለያይ እንጂ አሿሿሙን እናውቀዋለን። ለዊንደር በወረቀት ላይ 15,000 ሚሊሺያ ተፈቀደለት። ወረቀቱ ግን ጠመንጃ አይዝም። ሰውየው በዚያ ሙቀት ፈረሱ ላይ ሆኖ ከመንደር መንደር ሲዞር፣ ደብዳቤ ሲጽፍ ሳምንታት አለፉ። ሰነፍ ነበር ማለት አይቻልም። ሲሮጥ ነው የከረመው።

ኦገስት 19 የእንግሊዙ ጄኔራል ሮበርት ሮስ ከ4,000 በላይ ወታደር ይዞ ፓተክሰንት ወንዝ ዳር ቤነዲክት ከምትባል ቦታ ወረደ። የሚያስቆመው የለም። መርከብ ላይ ወራት የከረሙ ወታደሮች በሜሪላንድ የኦገስት ፀሐይ ሱፍ ልብስ ለብሰው ይሄዳሉ። መንገድ ላይ በሙቀት የወደቁ አሉ። (የዚህን አገር ኦገስት የሚያውቅ ያዝንላቸዋል።) ዛፍ ቆርጦ መንገድ የዘጋባቸው እንኳን አልነበረም። ምን ያህል እንደሆኑና ወዴት እንደሚሄዱ ሊያጣራ ፈረስ ጭኖ የወጣው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ጄምስ ሞንሮ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ለቅኝት የሚወጣበት አገር ምን ያህል እንደተዘጋጀ ከዚህ ገምቱ።

ኦገስት 24 ጠዋት እንግሊዞቹ ወደ ብላደንስበርግ ታጠፉ። እዚያ የአናኮስቲያ ወንዝ ጠበብ ይላል፣ ድልድይም አለው። ፕሬዚዳንት ጄምስ ማዲሰን ከገንዘብ ሚኒስትሩ ሽጉጦች ተውሶ ታጠቀና ራሱ ወደ ጦር ሜዳው ሄደ። 63 ዓመቱ ነው፣ ቁመቱም ክብደቱም ትንሽ ሰው። ወታደሮቹን አልፎ ድልድዩን ሊሻገር ሲል ነው አንድ ሰው የደረሰለት። ከድልድዩ ማዶ እኮ እንግሊዞች ናቸው! ትንሽ ቢቀጥል ኖሮ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት በገዛ እግሩ ሄዶ ይማረክ ነበር።

አሜሪካኖቹ በቁጥር ይበልጡ ነበር፤ 6,000 ገደማ ናቸው። ግን ግማሹ የደረሰው ያን ዕለት ጠዋት ነው፣ ሳያርፍ፣ ሳይበላ። ድልድዩን ያፈረሰው የለም። ሞንሮ ደግሞ አዛዡን ሳያማክር ሁለተኛውን መስመር ወደኋላ አርቆ አሰለፈው። በዚህ የተነሳ የፊተኛው መስመር ሲጠቃ የኋለኛው ሊረዳው አይችልም። እንግሊዞቹ ድልድዩን ተሻገሩ። ኮንግሪቭ የሚባል ሮኬት ተኮሱ። ይህ ሮኬት ዒላማ አይመታም፣ ግን እያፏጨ እየነደደ ሲመጣ አይቶት የማያውቅ ገበሬና ባለሱቅ ምን ያድርግ? እግሬ አውጪኝ ነው። ነገሩ በኋላ «የብላደንስበርግ እሽቅድምድም» እየተባለ ተቀለደበት። የሚገርመው ከተሸነፉት ይልቅ ያሸነፉት ብዙ ሰው ሞተባቸው። ከእንግሊዞቹ ከ60 በላይ ሞቱ። የሸሸ ሰው አይሞትማ።

እዚህ ላይ ግን ቆም እንበል። ያልሸሹ ነበሩ።

ጆሹዋ ባርኒ የሚባል ሽማግሌ የባሕር አዛዥ ነበር። ትንንሽ መርከቦቹን እንግሊዝ እንዳይወስዳቸው ከሁለት ቀን በፊት ፓተክሰንት ላይ በራሱ ትእዛዝ እንዲፈነዱ አድርጓል። ስለዚህ መርከብ የሌላቸው መርከበኞች ይዞ በእግር መጥቷል። ያን ዕለት ጠዋት የተሰጠው ሥራ ከታች ያለውን ሌላ ድልድይ መጠበቅ ነበር። አንድ ድልድይ ለማፈንዳት ይህ ሁሉ ሰው ምን ያደርጋል ብሎ ማዲሰን ፊት ተቆጣና ተፈቀደለት። መድፎቹን እየጎተቱ በሩጫ ደረሱ። መርከበኞችና ማሪኖች ተደምረው 500 ገደማ ይሆናሉ። መንገዱን ይዘው ኮረብታው ላይ ቆሙ። ሚሊሺያው በአጠገባቸው ሲሸሽ እነሱ መድፋቸውን ተኮሱ። እንግሊዞቹን ደጋግመው መለሷቸው። ጥይት ሲያልቅና በጎን ሲከበቡ ነው ያበቃው። ባርኒ ጭኑን ተመትቶ ወደቀ። ሮስና ኮክበርን መጥተው በአክብሮት አነጋገሩት፣ ቁስሉን አሳከሙለት፣ እንደገና እንዳይዋጋ ቃል አስገብተው እዚያው ለቀቁት።

ከባርኒ መርከበኞች መካከል ጥቁሮች ነበሩ። ማዲሰን «እነዚህ ጥቁሮችህ እንግሊዝ ሲመጣ አይሸሹም?» ብሎ ጠየቀው ይባላል። ባርኒም መሸሽ አያውቁበትም፣ መድፋቸው ሥር ይሞታሉ እንጂ ብሎ መለሰ ይባላል። ከነሱ አንዱ ቻርለስ ቦል ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ባሪያ ሆኖ የተወለደ፣ ከባርነት አምልጦ እንደ ነፃ ሰው ተመዝግቦ የተቀጠረ። ባርኒ እስኪመታ ድረስ መድፉ ላይ ነበር። ሚሊሺያው ውሻ እንዳባረራቸው በጎች ሮጠ ብሎ በኋላ ተርኳል። ከዓመታት በኋላ ግን ሰዎች አፍነው እንደገና ለባርነት ወደ ጆርጂያ ወሰዱት። ዋና ከተማዋን የተከላከለ ሰው! ነጮቹ ሸሽተው ቤታቸው ገቡ፣ ያልሸሸው ሰንሰለት ገባ። ጦርነቱ 200 ዓመት ሲሞላው ብላደንስበርግ ውስጥ ሐውልት ቆመ። ባርኒ ቆስሎ፣ አንድ ማሪን ደግፎት፣ ቦልም አጠገባቸው ሆኖ ይታያል። መኪና አቁማችሁ ማየት ትችላላችሁ፤ ሰው አይበዛበትም።

የዚህ ታሪክ ሌላኛው ገጽታ ደግሞ ከእንግሊዝ ወገን የተሰለፉት ጥቁሮች ናቸው። ኤፕሪል 1814 ላይ የእንግሊዙ አድሚራል ኮክሬን፣ የኮክበርን አለቃ፣ አዋጅ አወጣ። ወደኛ የመጣ ሁሉ ከፈለገ ይዋጋል፣ ካልፈለገ ነፃ ሆኖ በእንግሊዝ ግዛት ይሰፍራል አለ። ባሪያ የሚለውን ቃል አልተጠቀመም፣ ግን ማንን እንደሚል ሁሉም ገብቶታል። በጦርነቱ ዘመን 4,000 ያህል ሰዎች፣ ሴት፣ ሕፃን ሳይባል፣ በሌሊት ጀልባ እየሰረቁ ወደ እንግሊዝ መርከቦች ሸሹ። ወንዶቹ የእንግሊዝ ወታደር የሚለብሰውን ቀይ ኮት ለብሰው፣ ሰልጥነው፣ ብላደንስበርግ ላይ የቀድሞ ጌቶቻቸውን ወጉ። መንገዱን፣ ወንዙን፣ እርሻውን የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ታዲያ ጠላት ማን ነው? ከስድስቱ አንዱ ባሪያ የሆነበት ከተማ «ጠላት መጣ» ሲባል ስድስተኛው ሰው ምን እንደሚሰማ አስቡት። እኔ ልፈርድባቸው አልችልም። ቦልን አደንቃለሁ፣ ቀይ ኮት የለበሱትንም አደንቃለሁ። ሁለቱም የፈለጉት አንድ ነገር ነው። አብዛኞቹ ወደ ኖቫ ስኮሺያና ትሪኒዳድ ሄደው ሰፈሩ። ትሪኒዳድ ውስጥ ልጅ ልጆቻቸው ዛሬም «ሜሪኪን» ይባላሉ። የአሜሪካ መንግሥት ደግሞ ከጦርነቱ በኋላ «ንብረታችን ተወሰደ» ብሎ ከሰሰ። በ1826 እንግሊዝ ከ1.2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካሳ ከፈለች። ለማን? ለባለቤቶቹ።

ወደ ከተማዋ እንመለስ። ወሬው ሲሰማ ሰው ዕቃውን ጋሪ ላይ ጭኖ መውጣት ጀምሯል። በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ስቲቨን ፕሌዘንተን የሚባል ጸሐፊ ነበር። ጸሐፊ ስል ሠራተኛ ማለቴ ነው፣ ሚኒስትር አይደለም። ሞንሮ ሰነዶቹን አሽሹ ብሎ ማስታወሻ ልኳል። ፕሌዘንተን ጨርቅ ገዝቶ ከረጢት አሰፋ። የነፃነት አዋጁን፣ ሕገ መንግሥቱን፣ የጆርጅ ዋሽንግተንን ደብዳቤዎች እየጠቀለለ ከረጢት ውስጥ ከተተ። ይህን ሲያደርግ በኮሪደሩ ማን ያልፋል? አርምስትሮንግ። የጦር ሚኒስትሩ ቆም ብሎ ያለምክንያት ትደነግጣላችሁ አለው። ፕሌዘንተንም ሞንሮ እንደዚያ አያስብም፣ ቢጠነቀቁ ይሻላል ብሎ መለሰ። በጨዋ አነጋገር «አንተ ሥራህን ሥራ» ማለት ነው። ከረጢቶቹን በጋሪ ጭኖ ወንዙን ተሻገረ። አንድ ወፍጮ ቤት ውስጥ ደበቃቸው። ከዚያ ሲያስበው ቦታው ከመድፍ ፋብሪካ አይርቅም፣ ጠላት እሱን ፍለጋ ሊመጣ ይችላል። በማግስቱ ገበሬዎች ጋር ጋሪ ለምኖ እስከ ሊስበርግ ቨርጂኒያ ወሰዳቸው።

ይህን ጸሐፊ ወድጄዋለሁ። በኋላ የአገሪቱን የባሕር መብራቶች ለሦስት አሥርት ዓመታት አስተዳድሯል። ገንዘብ ቆጣቢ ስለነበር ርካሽ መብራት እየገዛ መርከበኛውን ሁሉ አስመርሯል። ጀግናም ሆኖ ቋጣሪ መሆን ይቻላል።

ዋይት ሀውስ ውስጥ ደግሞ ፖል ጄኒንግስ አለ። 15 ዓመቱ ነው። የማዲሰን ባሪያ። ያን ቀን ጠረጴዛ እያዘጋጀ ነበር፣ እራት የሚበሉ እንግዶች ይጠበቃሉ። ቢራውን፣ ወይኑን እያቀዘቀዘ ሳለ ጄምስ ስሚዝ የሚባል ነፃ ጥቁር ፈረሱን እየጋለበ መጣ። ባርኔጣውን እያውለበለበ «ውጡ! ውጡ!» ይላል። ጦሩ እንዲያፈገፍግ ታዟል። ቀዳማዊት እመቤት ዶሊ ማዲሰን ብር ዕቃ ቦርሳዋ ውስጥ ጨምራ ወጣች።

ትምህርት ቤት ውስጥ የሚነገረው ታሪክ ዶሊ የጆርጅ ዋሽንግተንን ትልቅ ሥዕል ከእሳት አዳነች የሚል ነው። ልጄም እንደዚያ ተምራ መጣች። ይዳን ብላ ያዘዘችው እሷ ናት፣ ይህ አይካድም። ግን ጄኒንግስ ካረጀ በኋላ እንደጻፈው ይዛው ወጣች የሚባለው ውሸት ነው። ለማውረድ መሰላል ያስፈልግ ነበር። ያወረዱት ፈረንሳዊው በረኛና አትክልተኛው ናቸው። ሥዕሉ ዛሬም ዋይት ሀውስ ኢስት ሩም ውስጥ ተሰቅሏል።

ጄኒንግስ ሌላም ነገር ጽፏል። ዶሊ ከወጣች በኋላ፣ እንግሊዝ ከመግባቱ በፊት፣ ውርጋጥ ሁሉ ቤቱን ወርሮ ብር ዕቃውንና ያገኘውን ሰረቀ። ይህን ለአንድ ጋሼ ለምላቸው ጎረቤቴ ነገርኳቸው። «ልጄ፣ አዲስ አበባስ?» አሉኝ። እናታቸው የነገሯቸውን አወሩኝ። በሜይ 1936 መጀመሪያ ጃንሆይ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወጡ። ጣሊያን እስኪገባ ሦስት ቀን ፈጀ። በነዚያ ሦስት ቀናት ከተማዋን የዘረፋትና ያቃጠላት ጣሊያን አልነበረም። «ጠላትን ስንጠብቅ እኛው ፈጀናት» አሉ። ሌላ አልጨመሩም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ዋሽንግተንም ውስጥ የመጀመሪያው ትልቅ እሳት የተነሳው በአሜሪካኖቹ እጅ ነው። የባሕር ኃይሉ መርከብ መሥሪያ በጠላት እጅ እንዳይወድቅ ተብሎ አዛዡ ቶማስ ቲንጊ በታዘዘው መሠረት አቃጠለው። ከዚያ እንግሊዞቹ ካፒቶልን ያዙ። ወንበርና ጠረጴዛ ከምረው፣ የሮኬት ባሩድ ነስንሰው ለኮሱት። እዚያው የነበረው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት 3,000 ያህል መጽሐፍ ይዞ ተቃጠለ። ቶማስ ጄፈርሰን በኋላ የግሉን 6,487 መጻሕፍት በ23,950 ዶላር ሸጠላቸው። የዛሬው ትልቁ ላይብረሪ የቆመው በዚያ ነው።

ከካፒቶል 150 ያህል ሰዎች ተሰልፈው፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ በፔንሲልቬኒያ አቬኑ ወደ ዋይት ሀውስ ሄዱ። ጠረጴዛው እንደተዘጋጀ ነው። ተቀመጡና በሉ። ማዲሰን ራሱ የሚጠጣውን ወይን ጠጡ። ከዚያ አቃጠሉት። ያቀረበው ጄኒንግስ ነው፣ የበሉት እነሱ ናቸው። ብርሃኑ እስከ ባልቲሞር ታይቷል።

የግል ቤት ግን በአብዛኛው አልነኩም። ሮስ ዘራፊ ወታደሮቹን ይቀጣ ነበር። የሮስ ፈረስ ከአንድ ቤት በተተኮሰ ጥይት ተገደለ፤ ያ ቤት ተቃጠለ። የጋዜጣ ማተሚያ ቤት ደግሞ ኮክበርን አፈረሰው። ጋዜጣው ይሰድበው ስለነበር ስሙን መጻፍ እንዳይችሉ የስሙን መጀመሪያ ፊደል ሁሉ አጥፉልኝ አለ ይባላል። አድሚራል ሆኖ እንዲህ! የፈጠራ ሥራዎች የሚመዘገቡበት የፓተንት መሥሪያ ቤት ተረፈ። ኃላፊው ዊልያም ቶርንተን በር ላይ ቆሞ ይህ የሰው ልጅ ሁሉ እውቀት ነው ብሎ ስለተሟገተ ነው። እሱም ጠመንጃ አልነበረውም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። ከባድ ማዕበል ወረደ። ጣሪያ ነቀለ፣ ቤት ደረመሰ፣ ከወታደሮቹም ከነዋሪውም ሰው ጎዳ። ማታ እንግሊዞቹ የሰፈሩ መስሎ እንዲታይ እሳት አንድደው ትተው በጨለማ ወጡ። ከተማዋ በእጃቸው የቆየችው አንድ ቀን ከትንሽ ሰዓት ነው።

ማዲሰን የት ነበር? ቨርጂኒያ ውስጥ በዝናብ ሲንከራተት። ዶሊም አንድ ቤት ልታድር ገብታ የቤቱ እመቤት አባረረቻት ይላል ጄኒንግስ። «ባልሽ ባሌን ጦርነት ልኮ አንቺ እዚህ አታድሪም፣ ውጪ!» ኦገስት 26 ማዲሰን ብሩክቪል ሜሪላንድ ደረሰ። ጦርነት የማይወዱ፣ ኩዌከር የሚባሉ ክርስቲያኖች መንደር ነው። አንድ ኩዌከር ቤት አደረ፤ ያቺ መንደር ዛሬ «የአንድ ቀን ዋና ከተማ» ነበርን ብላ ትኮራለች። ሲልቨር ስፕሪንግ ክትፎ የምንበላበትን ጆርጂያ አቬኑን ይዛችሁ፣ ዊተንን፣ ኦልኒን አልፋችሁ በዚያው ብትነዱ ትደርሱባታላችሁ። እኔ ደርሻለሁ። ትንሽ መንደር ናት፣ ቡና የሚሸጥ እንኳን አጣሁ።

ከዚያ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ምሽግ ተቆፈረ። አርምስትሮንግ ሰው አላየው ሲል ሥራውን ለቀቀ፣ ሞንሮ ተካው። ባልቲሞር ግን ትምህርት ወስዳ ነበር፤ ሴፕቴምበር ላይ እንግሊዝ ሲመጣ ተዋግታ መለሰችው። ሮስ እዚያ ተገደለ። ዛሬ ኳስ ጨዋታ ላይ ቆመን የምንሰማው ብሔራዊ መዝሙር ግጥሙ የተጻፈው ያኔ ነው። የጻፈው ፍራንሲስ ስኮት ኪ ብላደንስበርግ ላይ ነበር። ስለዚያ ቀን ግን መዝሙር አልጻፈም።

ኮንግረሱ በተረፈው የፓተንት ሕንፃ ውስጥ ተጨናንቆ ተሰበሰበ። ዋና ከተማው ወደ ፊላዴልፊያ ወይም ሌላ ቦታ ይዛወር የሚል ሐሳብ ቀረበ። በ83 ለ74 ድምፅ ወደቀ። አምስት ሰዎች ሐሳባቸውን ቢቀይሩ ኖሮ እኛ ዛሬ ዩ ስትሪት ላይ የምንኮራበት ሐበሻ ሰፈር የት ይሆን ነበር ብዬ አስባለሁ።

ጄኒንግስ ነፃ የወጣው በ1847 ነው። ዶሊ ባሏ ሞቶ ሲቸግራት ሸጠችው፤ በኋላ ሴናተር ዳንኤል ዌብስተር በ120 ዶላር ገዝቶት፣ ጄኒንግስ በወር 8 ዶላር እየሠራ ከፈለ። ዶሊ በድህነት ስትኖር ከኪሱ እየሰጣት ይረዳት ነበር። በ2009 ዘር ማንዘሮቹ ዋይት ሀውስ ተጋብዘው ሥዕሉ ፊት ፎቶ ተነሡ።

የተሾሙትስ? የምክር ቤቱ ኮሚቴ መረመረ፣ ምስክር ሰማ፣ ረጅም ሪፖርት አወጣ። ጥፋተኛ ብሎ የጠራው ሰው የለም። ዊንደርን የመረመረውም ቡድን ነፃ ለቀቀው፤ ወደ ጥብቅና ሥራው ተመለሰ። ሳያማክር ወታደሩን ያንቀሳቀሰው ሞንሮ ከሁለት ዓመት በኋላ ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። በ1817 ታድሶ የተጠናቀቀው ዋይት ሀውስ ውስጥ የገባውም እሱ ነው።